የእንደራሴው ዘመን የፍቅር ልቦለድ እና የማይሰለቹት አንባቢዎቹ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1811 የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ መሠረት፣ የአእምሮ ሕመም የጸናባቸው ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ዘውዳቸውን እንደያዙ፣ የመንግሥቱን ሥራ ግን የበኩር ልጃቸው የዌልሱ ልዑል ጆርጅ ተረከቡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የልዑሉ ሥልጣን ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ንግሥት ዘውዲቱ ዙፋን ላይ ሳሉ ራስ ተፈሪ መኮንን የያዙት የእንደራሴነት ማዕረግ በስያሜው ያው ነው። ልዑሉ አባታቸው እስካረፉበት እስከ ጥር 1820 ድረስ እንደራሴ ሆነው ቆዩ፤ እንግሊዞችም እነዚያን ዘጠኝ ዓመታት የእንደራሴነት ዘመን ይሏቸዋል።

ዘመኑ ጸጥ ያለ አልነበረም። ከናፖሊዮን ጋር የተደረገው ጦርነት እስከ ሰኔ 1815ቱ የዋተርሉ ውጊያ ድረስ ዘልቋል፤ የሽመና ማሽን እንጀራቸውን የነጠቃቸው ሠራተኞች በሌሊት ፋብሪካ እየሰበሩ ይገቡ ነበር፤ በነሐሴ 1819 ደግሞ የፓርላማ ውክልና ለመጠየቅ ማንቸስተር ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ በፈረሰኛ ጦር ተረግጧል። ይሁን እንጂ ዛሬ የዘመኑ ስም ሲነሳ በብዙ አንባቢዎች ሐሳብ የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፦ የገጠር ቄስ ቤት፣ በሻማ የደመቀ የዳንስ አዳራሽ፣ በመጀመሪያው ምሽት ተቀያይመው በመጨረሻው ምዕራፍ የሚጋቡ ሁለት ሰዎች። ከጠባብ የኅብረተሰብ ክፍልና ከአጭር ጊዜ የተቀዳው ይህ የፍቅር ልቦለድ በየትውልዱ አዲስ አንባቢ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ የሚያስገርመው ግን የቀደመው አንባቢ ጨርሶ ያነበበውን መጽሐፍ መልሶ መላልሶ ማንበቡ ነው። ብዙ ሰው ምክንያቱ የቀሚሱና የሠረገላው ውበት ይመስለዋል። እኔ ምክንያቱን የማገኘው በዘመኑ ሕግና ወግ ውስጥ ነው። ሕጉ ጋብቻን በአንዲት ሴት ሕይወት ላይ የሚሰጥ የመጨረሻ ፍርድ አድርጎት ነበር፤ ወጉ ደግሞ ስለዚያው ፍርድ በግልጽ መናገርን ይከለክላል። ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ አንዲት ትንሽ ቃል ከባድ ጭነት ትሸከማለች፤ እንዲህ ባሉ ትንንሽ ቃላት ላይ የቆመ መጽሐፍም በአንድ ንባብ አያልቅም።

በዚህ ስም የሚጠሩት መጻሕፍት በሁለት ወገን እንደሚከፈሉ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ዘመኑን ራሷ የኖረችው የጄን ኦስተን ሥራ ነው። በ1775 በሃምፕሻየር፣ ስቲቨንተን በተባለ መንደር ከአንድ ቄስ ቤት የተወለደችው ኦስተን የመጀመሪያ ልቦለዷን ያሳተመችው ልክ እንደራሴው በተሾሙበት በ1811 ሲሆን፣ በርዕስ ገጹ ላይ ከስሟ ይልቅ የተጻፈው መጽሐፉ «በአንዲት ወይዘሮ» የተደረሰ መሆኑ ብቻ ነበር። በ1817 በአርባ አንድ ዓመቷ እስክትሞት ድረስ በየትኛውም መጽሐፏ ላይ ስሟ አልታተመም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀውን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ»ን ከነሙሉ መብቱ ለአሳታሚው የሸጠችው በ110 ፓውንድ ነው። ሁለተኛው ወገን ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው የጆርጄት ሄየር ሥራ ነው። በ1902 የተወለደችው ሄየር ዘመኑን አልኖረችውም፤ ከደብዳቤ፣ ከማስታወሻና ከሥዕል ለቅማ እንደገና ሠራችው። ከ1935 ጀምሮ የጻፈቻቸው የእንደራሴው ዘመን ልቦለዶች ዛሬ ይህን ዓይነት መጽሐፍ ለሚጽፉት ሁሉ መንገዱን ጠርገዋል። ከእርሷ በኋላ በእንግሊዝና በአሜሪካ ትንንሽ የኪስ መጻሕፍት በተከታታይ ሲታተሙ ኖረው፣ የአሜሪካዎቹ ትላልቅ ተከታታዮች በ2000ዎቹ አጋማሽ ተቋርጠዋል፤ ወዳጆቻቸው ግን እስከ ዛሬ ከአሮጌ መጽሐፍ መደብር እያደኑ ይሰበስቧቸዋል።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ፤ ይህ ሳይታወቅ መጻሕፍቱ የተሰለፉ ግብዣዎች ብቻ ሆነው ይታያሉና። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ፊት ያገባች ሴት ከባሏ ተለይታ እንደ ራሷን የቻለች ሰው አትቆጠርም ነበር። ይዛው የመጣችው ጥሬ ገንዘብ የባሏ ይሆናል፤ ሀብታም ቤተሰቦች ይህን ለመከላከል ከሠርጉ በፊት በጠበቃ በኩል ውል ያስሩ ነበር፤ ውል ማሰሪያ የሌላት ግን የባሏን መልካም ፈቃድ ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ የላትም። ይህ ሕግ መሻሻል የጀመረው በ1870 ሲሆን፣ ሥር የነካ ለውጥ የተደረገበት በ1882 ነው። ተፋቶ እንደገና ለማግባት እስከ 1857 ድረስ ፓርላማው ለዚያ ሰው ብቻ የሚያወጣው የተለየ ሕግ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም የጥቂት ባለጸጎች ዕድል ነው። ስለዚህ በአንድ የዳንስ ምሽት ላይ «እሺ» የምትል ሴት እሺ የምትለው ለዕድሜ ልክ ነው።

መሬትም እንዲሁ። ትላልቅ ርስቶች በአብዛኛው ሳይከፋፈሉ ለበኩር ወንድ ልጅ ይተላለፉ ነበር፤ አንዳንዱ ርስት ደግሞ አስቀድሞ በተጻፈ ውል ለወንድ ዘር ብቻ ስለሚታሰር፣ አባት ለሴት ልጆቹ ማውረስ ቢፈልግ እንኳ አይችልም። «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ሚስተር ቤኔት በዓመት 2,000 ፓውንድ የሚያስገባ ርስት አላቸው፤ አምስት ሴቶች ልጆችም አሏቸው፤ ወንድ ልጅ ስለሌላቸው ቤቱም መሬቱም እርሳቸው በሞቱ ጊዜ ለሩቅ ዘመዳቸው ለቄስ ኮሊንስ ያልፋል። ለእያንዳንዷ ልጅ የሚደርሳት፣ ያውም እናቷ ከሞቱ በኋላ፣ በመቶ አራት የሚወልድ 1,000 ፓውንድ ነው። በዓመት 40 ፓውንድ ማለት ነው። በአባቷ ቤት በ2,000 ስትኖር የነበረች ልጅ በ40 ልትኖር ነው። እንዲህ ያለች ወይዘሪት ከቤተሰቧ ደረጃ ሳትወርድ ልትሠራው የምትችለው ሥራ የሰው ልጆች የቤት አስተማሪ መሆን ብቻ ነበር፤ በሌላው የኦስተን ልቦለድ በ«ኤማ» ውስጥ ይህ ዕጣ የሚጠብቃት ጄን ፌርፋክስ አስተማሪዎችን የሚያስቀጥሩትን ቢሮዎች የምታነጻጽራቸው ከባሪያ ንግድ ጋር ነው፤ ንጽጽሩም የቀለለ አልነበረም፤ እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በሕግ ካገደች ገና አሥር ዓመት አልሞላም።

ይህን ስሌት የያዘ አንባቢ ኤሊዛቤት ቤኔት ኮሊንስን «አይሆንም» ስትል ምን እየሠራች እንደሆነ ይገባዋል። የእናቷንና የእህቶቿን ጣራ ነው የምትመልሰው። ጓደኛዋ ሻርሎት ሉካስ በሃያ ሰባት ዓመቷ ያንኑ ሰው ስትቀበል፣ ፍቅር እንደማትፈልግና የምትሻው የተመቸ ቤት ብቻ እንደሆነ በግልጽ ትናገራለች። ኦስተን በሻርሎት ላይ አትፈርድም፤ ቤቷን፣ ዶሮዎቿን፣ ባሏ የማይደርስበትን ክፍል አሳይታን ታልፋለች። ከዚያ በዓመት 10,000 ፓውንድ ያለው ዳርሲ መጥቶ ኤሊዛቤትን ሲጠይቅ፣ እርሱንም ትመልሰዋለች፤ በጠየቃት ቃል ውስጥ ንቀት ስለሰማች። አርባ ፓውንድ ያላት ሴት አሥር ሺሁን እንቢ ስትል የአንባቢው እስትንፋስ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ፊልሞቹ ይህንን ትዕይንት በዝናብና በሙዚቃ ያደምቁታል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን የሚያስፈራው ቁጥሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር የአነጋገር ወግ ነው፤ እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ከዛሬው የእንግሊዝኛ አንባቢ የተሻለ ጆሮ አለው ብዬ አምናለሁ። እኛ «እርስዎ» እና «አንቺ» አለን። ሁለት ሰዎች ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የተሻገሩበትን ቀን ሁለቱም ያስታውሱታል፤ ማን ቀድሞ እንደተሻገረም ጭምር። በኦስተን ዘመን እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት በተውላጠ ስሙ አጥቶ ስለነበር ሸክሙን የወሰደው የሰው ስም ነው። ያልተዛመዱ ወንድና ሴት በ«ሚስተር» እና በ«ሚስ» ይጠራራሉ፤ ሚስተርና ሚስስ ቤኔት ከሃያ ዓመት በላይ በትዳር ኖረው እንኳ የሚጠራሩት በዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ ወንድ የአንዲትን ሴት ስም ብቻውን ከጠራ አንድ ነገር ሆኗል። በኦስተን የመጀመሪያ ልቦለድ ውስጥ ኤሊኖር ዳሽውድ ወጣቱ ዊሎቢ እህቷን «ሜሪያን» ብሎ ሲጠራ በአጋጣሚ ትሰማለች፤ ከዚያች አንዲት ስም ተነሥታም ሁለቱ ለመጋባት ቃል ተግባብተዋል ብላ ትደመድማለች። የተሳሳተችው ወጉን ባለማወቋ ሳይሆን ሰውየው ወጉን ስላላከበረ ነው። የልጅቷ መከራ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

በ«ኤማ» መጨረሻ ላይ ሚስተር ናይትሊ ፍቅሩን ከገለጸ በኋላ እንኳ፣ ኤማ ከ«ሚስተር ናይትሊ» በቀር በሌላ ስም ልትጠራው እንደማትችል ትነግረዋለች፤ የክርስትና ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትጠራ ቃል ትገባና የት እንደሆነ ራሱ እንዲገምት ትተወዋለች። ቦታው የጋብቻ ቃል የሚፈጸምበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ መሳምም የለም። «ማግባባት» ብዬ በምተረጉመው የመጨረሻ ልቦለዷ ደግሞ ካፒቴን ዌንትወርዝ ከስምንት ዓመት በፊት ቃሏን ያጠፈችበትን አን ኤልየትን በቀዝቃዛ ትሕትና ሲያያት ይቆያል፤ አንዲት ልጅ ከደረጃ ወድቃ ሁሉም በተደናገጠበት ጊዜ ግን ሳያስበው «አን» የሚለው ስም ከአፉ ይወጣል። አንባቢው በዚያች አንድ ቃል ስምንቱ ዓመት እንዳላለፈ ይረዳል። በችኮላ ያነበበ ሳያያት ያልፋል፤ ደግሞ ያነበበ ግን ያገኛታል።

ድግግሞሹን በተመለከተ፣ እነዚህን መጻሕፍት የሚነቅፉ ሰዎች የሚያነሡት ነገር መጨረሻው ከመጀመሪያው ገጽ መታወቁ ነው። እውነት ነው፤ ይጋባሉ። ግን መጨረሻው መታወቁ አንባቢውን ከአንድ ጥያቄ ነጻ አውጥቶ ለሌላ ጥያቄ ይተወዋል፦ ምን ይሆናል ከማለት ይልቅ እንዴት ተናገሩት ይላል። የዚህ ትልቁ ምሳሌ ራሱ «ኤማ» ነው። ኦስተን ታሪኩን የምትተርከው በኤማ ዓይን በኩል ስለሆነ፣ ኤማ የተሳሳተችውን ሁሉ አንባቢውም አብሯት ይሳሳታል። ፍራንክ ቸርችል ጸጉሩን ለመቆረጥ ብቻ ብሎ ወደ ለንደን ሲሄድ የመንደሩ ሰው በከንቱነቱ ይገረማል፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ለድሃዋ ጄን ፌርፋክስ ላኪው ያልታወቀ ፒያኖ ይመጣላታል፤ ኤማም ከሁሉ የራቀውን ግምት ትገምታለች። ፍራንክና ጄን በምሥጢር ለመጋባት ቃል የገቡ መሆናቸው ሲገለጥ መጽሐፉ ያልቃል ማለት ይቻላል፤ ግን ለብዙ አንባቢዎች የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በሁለተኛው ንባብ እያንዳንዱ ጨዋታ፣ እያንዳንዱ ዝምታ፣ የጄን ፌርፋክስ ራስ ምታት ሳይቀር ሌላ ትርጉም ይዞ ይገኛል። አንድ መጽሐፍ ገዝቶ ሁለት ማግኘት ነው።

ይህ ጥንቃቄ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ኦስተን «ማግባባት»ን በሐምሌ 1816 ጨርሳ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ግን አልረካችም። በመጀመሪያው ጽሑፍ ዌንትወርዝ ከአን ጋር የሚታረቀው ከዘመዱ የተላከ መልእክት ሊነግራት መጥቶ ነው፤ ታሪኩ ይዘጋል፣ ነገር ግን የሚገፋው የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። በሳምንታት ውስጥ መልሳ ስትጽፈው ሁለቱን ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ አን ከሌላ ሰው ጋር የወንድና የሴት ፍቅር ጽናት ላይ ስትከራከር ዌንትወርዝ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤ የሚጽፍ መስሎ ይሰማታል፤ የሚጽፈውም ለእርሷ ነው። ሊነጋገሩ በማይችሉበት ክፍል ተነጋገሩ። የተተወው ጽሑፍ በእጇ እንደተጻፈ እስከ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ስላለ፣ ሁለቱን አስተያይቶ ማንበብ ይቻላል፤ ስለ ልቦለድ አጻጻፍ ከዚያ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

ሄየር ከዚህ ሁሉ ምን ወረሰች? ወጉን ወርሳለች፤ ሳቁን ጨምራበታለች። የሠረገላ ዓይነት፣ የጓንት ዋጋ፣ የቁማርተኞችና የቦክሰኞች አነጋገር በማስታወሻ ደብተሮቿ ትሰበስብ ነበር። በ1937 የጻፈችው የዋተርሉ ልቦለድ የውጊያው ሂደት በጥንቃቄ የተተረከበት በመሆኑ የጦር ታሪክ አዋቂዎችን አድናቆት አግኝቷል። ለእኔ ከሥራዎቿ ሁሉ የሚልቀው በ1961 የወጣውና ጋብቻን እንደ ውል የሚያየው ልቦለዷ ነው። አባቱ ዕዳ ጥለውበት የሞቱ አንድ ባለማዕረግ መኮንን የሚወዳትን ቆንጆ ትቶ፣ ርስቱን ለማዳን የአንድ ሀብታም ነጋዴ ልጅ ያገባል። ቆንጆ ያልሆነችው ጄኒ ግን ቀድሞውኑ ትወደዋለች፤ አትናገርም። ምን ዓይነት ምሳ እንደሚስማማው ታውቃለች፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለባት ታውቃለች። ድንገት የሚነድ ፍቅር በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አይመጣም። የሚመጣው አንድ ሰው ሌላውን ሰው ቀስ በቀስ ማየት መጀመሩ ነው።

የሄየር ጉድለትም መነገር አለበት፤ ወዳጆቿ ነን የምንል ሰዎች ቀድመን ልንናገረው ይገባል። በ1950 በወጣው «ታላቋ ሶፊ» ውስጥ አንድ አይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ የተሣለበት መንገድ የጥላቻ ሥዕል ነው፤ ያውም የአውሮፓ አይሁዳውያን ከተጨፈጨፉ ከአምስት ዓመት በኋላ የታተመ። በመጻሕፍቷ ውስጥ ማዕረግ ያለው ሰው ከነጋዴው፣ ነጋዴው ከአገልጋዩ የሚበልጠው በደም ነው የሚል እምነትም አለ። ኦስተን በዚህ ከእርሷ ትለያለች፤ በልቦለዶቿ ውስጥ ባለማዕረጎቹ በአብዛኛው ከንቱዎች ናቸው። እንደራሴውን ራሳቸውን አትወዳቸውም ነበር፤ በ1813 በጻፈችው ደብዳቤ የልዑሉን ሚስት የምትደግፋት፣ ሚስቲቱ ሴት በመሆኗና ኦስተንም ባሏን ስለምትጠላው እንደሆነ ገልጻለች። ከሁለት ዓመት በኋላ የልዑሉ የመጻሕፍት ኃላፊ መጽሐፏን ለልዑሉ ብታበረክት እንደሚፈቀድላት ሲነግራት፣ ፈቃድ የተባለው ትእዛዝ መሆኑ ገብቷት «ኤማ»ን ለእርሳቸው አበረከተች።

ሰዎች እነዚህን መጻሕፍት የሚያነሡት ብዙ ጊዜ በችግር ወቅት ነው። በታኅሣሥ 1943 የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል በሳንባ ምች ታመው ቱኒዚያ ውስጥ ሲተኙ፣ ልጃቸው ሣራ «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ»ን ታነብላቸው ነበር። በኋላ በማስታወሻቸው ላይ፣ እነዚያ ሰዎች ስለ ፈረንሳይ አብዮትም ሆነ ስለ ናፖሊዮን ጦርነት ሳይጨነቁ እንዴት ያለ የተረጋጋ ኑሮ ኖረዋል ሲሉ ተደንቀዋል። ታማሚው እንዲህ ቢሰማቸው አያስገርምም፤ ግን ልክ አልነበሩም። የኦስተን የአክስት ልጅ ባል በ1794 ፓሪስ ላይ አንገቱ ተቀልቷል፤ ሁለት ወንድሞቿ በባሕር ኃይል ተዋግተዋል። የቤኔት ልጆች የሚያሽኮረምሙአቸው ወታደሮች በቤታቸው አጠገብ ባለችው ከተማ የሰፈሩት ጦርነት ስላለ ነው፤ የካፒቴን ዌንትወርዝ 25,000 ፓውንድም ከተማረኩ የጠላት መርከቦች የመጣ ነው። ጦርነቱ በመጽሐፎቹ ውስጥ ያለው በጦር ሜዳው በኩል ሳይሆን ሴቶቹ በሚያዩት በኩል ነው፤ ማን እንደሄደ፣ ማን ሀብታም ሆኖ እንደተመለሰ፣ ማን እንዳልተመለሰ።

ከሄየር መጻሕፍት ደግሞ በ1944 የወጣው «የዓርብ ልጅ» አለ። የሚወዳት ሴት እንቢ ስላለችው በንዴት በመንገዱ ያገኛትን የመጀመሪያ ልጅ ስለሚያገባ አንድ ሞኝ ወጣት መኳንንት የሚተርክ፣ ስሕተት ስሕተትን የሚወልድበት፣ ጓደኞቹ ሁሉ የየራሳቸው አነጋገር ያላቸው አስቂኝ ልቦለድ ነው። ከዓመታት በኋላ ለሄየር ከሩማንያ ከአንዲት ሴት ደብዳቤ ደረሳት። ሴቲቱ በፖለቲካ ምክንያት ታስራ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት በእስር ስትቆይ የዚህን መጽሐፍ ታሪክ በቃሏ እየተረከች የራሷንም አብረዋት የታሰሩትን ሴቶችም አእምሮ እንደጠበቀች ጻፈችላት። ጋዜጠኛ የማታነጋግረው፣ ከአንባቢ የሚመጣላትን ደብዳቤም እምብዛም የማታኖረው ሄየር ያንን ደብዳቤ አስቀምጣዋለች።